ሁለተኛው ጉርሻ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መግደፉን ስዘረዝርላቸው ኖሬ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ባሌም አያውቅም። እናቴም ሳታውቅ አረፈች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም። እንግዲህ ለእናንተ ልናገር ነው። ስለማታውቁኝ ይቀለኛል። ይሄም ራሱ ፈሪነት እንደሆነ አውቃለሁ።

ዙሪያ ጥምጥም አልወድም፣ ነገሩን ከነስሙ ልጥራው። ወንድሜን ሳያውቅ መድኃኒት አበላሁት። «ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ብሎ ሲናገር ደግሞ ሐኪም ፊት ቁጭ ብዬ «የለም» አልኩ። እሱ እውነት ተናገረ፣ እኔ ዋሸሁ፣ በሽተኛ የተባለው እሱ ሆነ። ዋናው ይኸው ነው፤ የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ወንድሜ ቢንያም ይባላል፤ እኛ ቢኒ ነው የምንለው። ታናሼ ነው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ስለሆነ እስከ ዛሬ እታለም ነው የሚለኝ። ሥራው ፀጉር አስተካካይ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ፎቅ ሥር ካለ ፀጉር ቤት ይሠራ ነበር፤ ሌላው ወንበር ባዶ ሆኖ እንኳ «ግዴለም፣ ቢኒን እጠብቃለሁ» የሚሉ ደንበኞች ነበሩት። ምላጭ ሲይዝ እጁ አይሰማም ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ኤርፖርት አካባቢ ለመንገደኛ ምግብ ከሚያዘጋጅ ትልቅ ወጥ ቤት እሠራለሁ። ፀጉሬን ሸፍኜ፣ ጓንት አጥልቄ፣ ለማላውቀው ሰው የሚሄደው ምግብ ንጹሕ መሆኑን የማረጋግጥ ሴት ነኝ። ወጥ ውስጥ አንዲት ፀጉር ካየሁ አብዳለሁ። አያችሁ፣ ቃሉን እንዴት እንደምንጫወትበት!

ቢኒ ሲታመም መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ጎረቤት በግድግዳ በኩል ስለ እሱ እንደሚያወራ ይነግረን ጀመር። እንደማንኛውም ቤተሰብ ጸበልም ወሰድነው፣ ሆስፒታልም አስተኛነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ክኒን ታዘዘለት፤ ለጥቂት ጊዜ ወሰደና ተወው። «ያደነዝዘኛል እታለም። እጄ የእኔ አልሆን አለኝ» አለኝ። ሐኪሙ ጋ ሄዶ ይህንኑ እንዲናገር መንገር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁት። ሐኪሙ «ቤተሰብ ይከታተለው» ብሎን ነበርና፣ መከታተል ማለት ማሸነፍ መሰለኝ።

ያኔ ሁላችንም አያት ሰፈር፣ በእናቴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ እናቴ፣ ባሌ፣ ቢኒና እኔ። አንዲት የፎቃችን ጎረቤት፣ ክፋት የማይገኝባት ሴት፣ ስትመክረኝ «ፈጭተሽ ምግቡ ላይ ጣል አድርጊለት። እኛም ለአባታችን እንደዚያ ነው ያደረግነው» አለችኝ። ምክሯን ተቀበልኩ እንጂ ጥፋቱን በእሷ ላይ አላላክክም። የፈጨሁት እኔ ነኝ። በድሮው ማዘዣ ከፋርማሲ የገዛሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ለብቻው በሳህን አቀረብኩለት። ቢኒ ሞኝ አይደለም፤ «ከመቼ ወዲህ ነው ለብቻዬ የምበላው?» ብሎ ሳህኑን ገፋው። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ከምንበላበት ትሪ ካልሆነ አልበላም አለ። ሁሉም ከአንድ ትሪ በሚበላበት ቤት ለአንዱ ብቻ እንዴት መድኃኒት ይሰጣል? እኔ መላ አላጣሁም። ጉርሻ አለ አይደል?

እንዲህ ነበር የማደርገው። ዱቄቱን በትንሽ ወጥ ለውሼ ከትሪው በእኔ በኩል አስቀምጥና እንጀራ አለብሰዋለሁ። ከዚያ መጀመሪያ ንጹሑን አጎርሰዋለሁ። ቢኒ ጉርሻውን ቀስ ብሎ፣ በምላሱ እየፈተሸ ነው የሚያኝከው። ምንም ሲያጣበት ፊቱ ይፈታል። በዚህ ጊዜ «አንድ ያጣላል!» እላለሁ። ይህን ሲሏችሁ እምቢ የምትሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ሁለተኛውን አዘጋጅቼ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያልኩ ወደ አፉ አስጠጋለሁ። መድኃኒቱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። እሱም ይከፍታል። እናቴ ይህን እያየች «ተባረኩ ልጆቼ፣ ፍቅራችሁን አያጉድለው» ትል ነበር። እኔም አሜን እል ነበር። አሜን ስል ምን ይሰማኝ እንደነበር ብትጠይቁኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብልኅነት ነበር የሚሰማኝ።

ሠርቷል፣ አልክድም። ቢኒ እንቅልፍ ተኛ። የግድግዳው ወሬ ቀነሰ። ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ጠዋት ከአያት በባቡር መገናኛ፣ ከመገናኛ በታክሲ ቦሌ። ጨዋታውም ተመለሰ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እኔም ለሌላ ሰው «ፈጭተሽ ጣል አድርጊለት» እያልኩ እመክር ነበር። ሰውን ክፉ የሚያደርገው አንዳንዴ የሠራለት ነገር ነው።

ጤናው ትንሽ ሲመለስለት ቢኒ ማንም ሳይገፋው፣ በገዛ እግሩ፣ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ከሥራው ብዙም የማይርቅ የግል ክሊኒክ ነው። ስለ ድሮው መድኃኒት፣ ስለ እጁ፣ ሁሉንም ነግሯት ዶክተሯ ሌላ ዓይነት ክኒን በትንሹ ጀመረችለት። ቤት መጥቶ ፓኬቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ከዛሬ ጀምሮ ራሴ እወስዳለሁ፤ እናንተ አትጨነቁ» አለን። እናቴ እልል አለች።

እኔስ? እኔ አላመንኩትም። ምላሱ ሥር ደብቆ ይተፋዋል አልኩ። ሲተፋ አይቼዋለሁ? አላየሁም። ፓኬቱ በየቀኑ ሲጎድል አይቻለሁ፤ እሱንም ሽንት ቤት ይጥለዋል አልኩ። የማያውቀው ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ለምላጩ አሳልፎ የሚሰጠውን ልጅ፣ እኔ እህቱ አንዲት ክኒን አላመንኩትም። እሱ ጠዋት የራሱን ይውጣል፤ እኔ ማታ የእኔን አጎርሳለሁ። ዶክተሯ የምታውቀው አንዱን ብቻ ነው። እሱም የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ ዝም አልኩ።

አንድ ማታ ሁለተኛውን ጉርሻ ግማሹን ነክሶ ያዘውና ግማሹን ወደ እኔ መለሰው። «እስቲ አንቺ ቅመሺው» አለ። ቤቱ ሁሉ አየኝ። እናቴ «ምነው ልጄ፣ እህትህን?» አለች። ምን ላድርግ? ዋጥኩት። በማግሥቱ ሥራ ቦታ እግሬ እንደ እርሳስ ከበደኝ፤ መንጋጋዬ ተያያዘ፤ አለቃዬ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ብላ ቁጭ አደረገችኝ። ግማሽ ጉርሻ ነው የበላሁት። ወንድሜ ሙሉውን፣ ያውም በራሱ ክኒን ላይ እየደረበ ምን እንደሚሆን በገዛ ሥጋዬ አወቅኩ። ካወቅኩ በኋላ ተውኩት? አልተውኩትም። «እሱ እኮ ለምዶታል» አልኩ። ከሁሉ ነገር ውስጥ ለዚህኛው ማስተባበያ ፈልጌም አጥቻለሁ።

ከዚያ ቢኒ ለዶክተሯ ተናገረ። «ቤት ስበላ የሆነ ነገር ይሰማኛል። እህቴ ስታጎርሰኝ ነው የሚሆነው። ከዚያ በኋላ ሰውነቴ ይተሳሰራል» ብሏታል። ዶክተሯ ጥሩ ሰው ናት፤ ዝም ብላ አልፈረደችም፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይምጣ አለች። ማን ይሂድ? እታለም ትሂድ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን፣ እሱ በአንዱ፣ እኔ በአንዱ። ዶክተሯ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች፣ ሳትቆጣ፣ ሳትጫን ጠየቀችኝ፤ «ቤት ውስጥ ከምግብ ጋር የምትሰጡት ነገር አለ? ብዙ ቤተሰብ ያደርገዋል፤ ብትነግሩኝ እሱን ለመርዳት ነው።» ልብ በሉ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታልኝ ነበር። አዎ ብል ማንም አይደበድበኝም፣ ማንም አያስረኝም። ቢኒ ዞሮ አየኝ። ቁጣ የለበትም፤ እየለመነኝ ነው ያየኝ። ከእኔ የሚፈልገው ሐኪሟ ፊት «ልክ ነህ» እንድለው ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ «ኧረ ዶክተር! እኔ ወንድሜን ልመርዝ?» አልኩ። እንባም መጣልኝ። እንባው የእውነት ነበር፤ ይሄ ነው የሚገርመኝ። ቢኒ አንገቱን ደፋ። ዶክተሯ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ አንዳንዴ በሽታው የሚወዱንን ሰዎች እንድንጠረጥር እንደሚያደርግ አስረዳችው። ጥርጣሬው እስኪያልፍ ብላም የክኒኑን መጠን ከፍ አደረገችለት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንዲህ ነው፤ የእኔን ሥራ በወንድሜ በሽታ ላይ ለጠፍኩት። ስንወጣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «አንቺን መጠርጠሬ በሽታ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?» አለ። «አይዞህ፣ ያልፋል» አልኩት። የዚያን ማታም አጎረስኩት።

ብዙም አልቆየ። ፀጉር ቤት ውስጥ አንድ የድሮ ደንበኛውን ሲላጭ እጁ ተንቀጠቀጠና ጆሯቸው ሥር ቆረጣቸው። ሰውየው ደግ ነበሩ፤ ደሙን በመሐረብ ይዘው «ምንም አይደል ልጄ፣ ያጋጥማል» አሉት። ቢኒ ግን ምላጩን አስቀመጠ። በዚያው ሳምንት ደግሞ እዚያው ሥራ ላይ እያለ አንገቱ ወደ ጎን ተጠምዝዞ ቀረ፤ መንጋጋው ተቆለፈ፣ መናገር አቃተው። ባልደረቦቹ ደግፈው ድንገተኛ ክፍል አደረሱት። እኔም የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ ደረስኩ።

እዚያም ጠየቁኝ። «ምን መድኃኒት ይወስዳል? በምን መጠን?» አልጋው ላይ ወንድሜ አንገቱ ተጣሞ፣ ምራቁ በአገጩ እየወረደ፣ በዓይኑ ብቻ ያየኛል። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። የቢኒን ፓኬት ከኪሱ አውጥቼ «ይሄን ብቻ» አልኩ። ሊሞትብኝ ይችል ነበር። «ይሄን ብቻ» ያልኩት የወንድሜ ነፍስ ከእኔ እፍረት ስላነሰችብኝ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

መርፌ ወጉት፤ አንገቱ ተፈታ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ያ ክኒን አልተስማማውም ተባለ። ክኒኑ ቀርቶለት በየወሩ በሚወጋ መርፌ ተተካ። እኔም የቀረኝን ዱቄት መጸዳጃ ቤት ደፋሁት፤ ማጎረሴን ተውኩ። ዱቄቱን ስደፋ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ አላለቀም። ቢኒ ዛሬ ገርጂ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ለብቻው ይኖራል። ደህና ነው፤ ድምፅ አይሰማም፤ ይሥቃል፤ አረፍ ብሎ ያወራል። ሰው ያበሰለውን ግን አይበላም። የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንች። እኔ ቤት ሲመጣ እንቁላሉን ራሱ እየላጠ «ልጣጭ ያለው ነገር አይዋሽም» ብሎ ያሥቀናል። ባሌ ከልቡ ይሥቃል። እኔም እሥቃለሁ፤ ኧረ የእኔስ ሣቅ ይደንቃል! እዚያው ፀጉር ቤት አሁንም አለ፤ የደንበኛ ፀጉር ያጥባል፣ ሒሳብ ይቀበላል። ምላጭ አይነካም። እጁ ላይ ያ መንቀጥቀጥ አለ፤ ከመርፌው ነው ይሉታል። መላጫ ዕቃዎቹን ግን ቤቱ አስቀምጧል፤ ስሄድ አንዳንዴ ዘይት ሲቀባቸው አገኘዋለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ደረስኩ። ባለፈው የሁዳዴ ቅበላ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ጾም ከመያዙ በፊት የተቀያየመውን ይቅርታ በሚጠይቅበት ቀን፣ ቢኒ ቤቴ መጣ። ተቀምጬ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። «እታለም፣ ያኔ ሐኪም ፊት ስምሽን አጠፋሁ። በእጅሽ አሳድገሽኝ መርዝ ሰጠችኝ አልኩ። በሽታዬ ነው፣ ይቅር በይኝ» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት።

ይቅር አልኩት! ራሱን በእጄ ዳበስ አድርጌ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ እንደ ተበደለ ሰው፣ ይቅር አልኩት። ክኒኑን ስፈጭ «ለእሱ ብዬ ነው» ማለት እችል ነበር፤ በግማሽ እውነትም ነበረበት። ሐኪሟ ፊት ስዋሽ «ደንግጬ ነው» ማለት እችል ነበር። ይህን ግን ለማን ብዬ ነው ያደረግኩት? በሰላም ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ፣ የሚያስደነግጠኝ ሳይኖር፣ የእኔን ይቅርታ ከእሱ አፍ ሰረቅኩ። እሱም ቀለል ብሎት ሄደ።

ታዲያ ለምን አሁን ትናገሪያለሽ ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቱ ልጄ ናት። በልደቷ ቀን ቢኒ መጥቶ ነበር። ናኒ ገና ሕፃን ናት፣ አጎቷን ትወደዋለች። ከትሪው እንጀራ በወጥ ጠቅልላ፣ ግማሹን እጇ ላይ አንጠባጥባ፣ ወደ አፉ ይዛ ሄደች። ፊቱ ላይ ላብ ፈሰሰ። ከዚያ አፉን ከፈተና ጎረሰ። አኝኮ ሳይጨርስ እሷ ሌላ ጠቅልላ መጣች፤ «አጎቴ፣ አንድ ያጣላል!» አለችው። ከእኔ ነው የተማረችው፤ ከማን ትማረዋለች? ሁለተኛውንም ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠው።

በኋላ ሰገነቱ ላይ ብቻችንን ስንሆን እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ ግን በርቶ፣ «ዛሬ አሸነፍኩት» አለኝ።

«ማንን?» አልኩት።

«በሽታዬን ነዋ! ዶክተሯ ይህቺ የምግብ ጥርጣሬህ ብቻ ናት የቀረችው ብላኛለች። እሷ ከጠፋችልህ መርፌውን እንቀንሰዋለን አለችኝ። መርፌው ከቀነሰ ደግሞ እጄ…» ብሎ እጁን ዘርግቶ አየው። ቀጠሮ በሄደ ቁጥር ጥርጣሬው አለ ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ መዋሸት ስለማይችል «አለ» ይላታል። እሷም መጠኑን አትነካም። ወንድሜ ሐኪም ዘንድ እውነቱን በመናገሩ ነው ምላጭ መያዝ ያልቻለው።

እሱ የሚታገለው በሽታውን አልነበረም። እኔ ያደረግኩትን ሰውነቱ ያስታውሰዋል፣ የሚታገለው እሱን ነው። ልጁ ያኔም ልክ ነበር፣ አሁንም ልክ ነው። ልክ የሆነውን አእምሮውን በገዛ እጁ እንዲጥለው ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ዝም ባልኩ ቁጥር በየወሩ ክንዱ ላይ የሚያርፈው መርፌ የእኔ ጉርሻ ነው።

ረቡዕ ቀጠሮ አለው። ትናንት ደውዬ «አብሬህ ልግባ?» አልኩት። «ምነው፣ ልትመሰክሪልኝ ነው?» ብሎ ቀለደ። «አዎ» አልኩት። ሣቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ያኔ የተቀመጥኩባት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዶክተሯ ሳትጠይቀኝ፣ እሱ እየሰማኝ፣ «አለ። እኔ ነበርኩ» እላለሁ። መጀመሪያ ለእናንተ የነገርኳችሁ ምላሴን ላለማምደው ብዬ ነው፤ ይሄንንም ለበጎ አትቁጠሩልኝ።

ይቅርታ አልጠይቀውም። ይቅር ለእግዚአብሔር የምትባለዋን ቃል እኔ ያለ ቦታዋ ተጠቅሜባታለሁ፤ ተመልሶ ለእኔ እንዲላት ማስገደድ ሁለተኛ ማጎረስ ይሆንብኛል። ዶክተሯ መርፌውን ብትቀንስለት፣ እጁ ቢረጋለት፣ እሱ ነው የእኔ ፍላጎት። ከረቡዕ በኋላ ከእጄ ዳግመኛ ላይበላ ይችላል። እናንተም ይህን ሰምታችሁ፣ ወንድም ከእህቱ እጅ አልበላም አለ ሲባል ብትሰሙ፣ አመመው እንዳትሉ። ጤነኛ ስለሆነ ነው።